ከዳኛው ኩታ የተቋጠረች ነጠላ

ካያት ቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ነው፤ ተጋንኗል የሚል ካለ የሞቱትን ይጠይቅ።

የጎሽ ሜዳዋ እመት የሻረግ ያላት አንዲት የገብስ ማሳ፣ የምትፈራው ደግሞ ማንም አልነበረም። ግራዝማች መሸሻ ላገሩ ገዥ ለደጃዝማቹ አርባ ዓመት ሙሉ እሺ ሲል ኖሮ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ዳኛ ተብሎ ተሾመ። በሹመቱ ግብር ላይ ሰው ሁሉ «ዕድሜ ይስጥልን!» ሲል እሷ ዝም። ግራዝማች አየና፣ «አንቺስ የሻረግ፣ ዕድሜ አትመርቂኝም?» አላት።

«ሹመቱ እስከ ሞት ነው አሉ ጌታዬ፤ ፍርዱን ሳላይ ዕድሜ አልመርቅም።»

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቷ ባላምባራስ ጓንጉል፣ ያ ከወጡ ያረፈችን ዝንብ ልሶ የሚለቅ ስስታም፣ የድንበሩን ድንጋይ ወደ ማሳዋ ገፋ። ተካሰሱ። ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ልብስ ለልብስ ይቋጠራሉ፤ ዳኛ ካልፈረደ ቋጠሮው አይፈታም። የሷ ነጠላ ከባላምባራስ ኩታ ተቋጠረ። ለግራዝማች ግን አስቀድሞ ከባላምባራስ ቤት ማር ገብቶለት ኖሮ፣ ተሰላችታ ትተወዋለች ብሎ ቀጠሮውን በሳምንት ገፋው።

እሷ መች ልትሰለች! ባላምባራስን ተከትላ ከማዕዱ ቀረበች። እሱ ደግሞ እሷን ላለማብላት «ጦም ነኝ» አለ። ፋሲካ ካለፈ ገና አራተኛው ቀን ነው።

«ውይ! የባላምባራስ ጌታ ገና አልተነሣም እንዴ?»

አንዴ ካፉ ወጥቷልና ሳምንቱን ሙሉ ጦመ። እሷማ ጎረቤት በአገልግል ያቀብላታል። ለቀጠሮው ሲመጡ ሱሪው ከወገቡ አልቆም ብሎት በእጁ ይዞት ነበር።

ችሎት ከዋርካው ሥር ተሰየመ። የሻረግ ነገሯን ስታስረዳ ግራዝማችን እንቅልፍ ጣለው፤ ማንኮራፋቱ ወፎቹን ከዛፉ አስነሣ። አቆመች። ዝምታው ቀሰቀሰውና፣ «ምን ዘጋሽ?» አለ።

«ተራው የጌታዬ መስሎኝ፤ ነገርዎን እስኪጨርሱ ነው።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ቱግ ብሎ፣ «ማሳው ለባላምባራስ!» አለና ቋጠሮውን ፈታ። የባልቴቷ ጉሮሮ ባንድ ቃል ተዘጋ። እሷ ግን ተስፈንጥራ የነጠላዋን ጫፍ ከራሱ ከግራዝማች ኩታ ቋጠረችው።

«በደጃዝማች አምላክ! ማር በልተው ፈርደዋልና ከስሼዎታለሁ!»

«ዳኛው እኔ ነኝ! በኔ ላይ ማን ሊፈርድ ነው?»

ከችሎቱ የተቀመጡት ሽማግሎች፣ «ዳኛ በራሱ ነገር አይፈርድም» አሉ።

«ታዲያ ማን ሊፈታን ነው?»

«ደጃዝማቹ ናቸዋ! የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ በየገበያው ቆም እያልን፣ የማሩን ነገር ለሰው እያወጋሁ እወስድዎታለሁ።»

ግራዝማች ሱሪውን የያዘውን ባላምባራስን አየ። ቋጠሮውን አየ። «ማሳው የየሻረግ ነው!» ብሎ ጮኸ። እሷም ክሷን አነሣች፤ ቋጠሮው ተፈታ።

ግራዝማች ኩታውን እያራገፈ፣ «በይ እንግዲህ፣ ፍርዱንም አየሽ። አሁንስ ዕድሜ አትመርቂኝም?» አላት።

የሻረግ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ዕድሜ ይስጥዎ ጌታዬ፤ እንደርስዎ ካለ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ!»