የይመር ሻወር ቤት

ደሴ ውስጥ ሰው ቤቱን ሊያድስ ብሩን ሲደለድል፣ ትልልቆቹ ጣልቃ ገብተው የሚጥሏት አንዲት አባባል አለች። ከሜዳ የበቀለች እንዳትመስላችሁ ልጆቼ፤ ባለቤት አላት። ባለቤቷም ይመር ይባላል።

ይመር እቁብ ወጣለት። ብሩን ምን እንደሚያደርግበት ካወቀ ቆይቷል። የሚስቱ የዘሐራ እናት እሜት ዘይነባ ከወረኢሉ ሁለት ጊዜ መጥተው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሰነብቱ ተመልሰዋል። ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ፣ በዚያች ጠባብ መታጠቢያ ለሶላት እጅ እግር ታጥቦ ውዱእ ማድረግ ስቃይ ሆኖባቸው ነው። አገራቸው ላይ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው። አሁን ለአረፋ ሊመጡ ነው። ይመርም "ዘንድሮ አማቴ ከቤቴ አይመለሱም!" ብሎ ምሏል።

ግንበኛው መጥቶ መታጠቢያዋን ዞር ዞር ብሎ አየ። "ወለሉ ፈርሶ ዝቅ ይበል። የፍሳሹ ቱቦም ቀጭን ነው፤ በወፍራም ይቀየር። የብርህ ግማሽ እዚያው ይገባል።"

"ግማሹን መሬት ልቅበረው?" ይመር ሳቀ። "እኔ ግድግዳውን ላሳምር እንጂ የምን መቅበር ነው፣ ሰው ሞቷል እንዴ?"

"ኧረ ይመር" አለች ዘሐራ፣ "እናቴ የምትረግጠው ወለሉን ነው። ግድግዳውን ልትልሰው ነው?"

"አንቺ ደግሞ! የተቀበረ ቱቦ አይቶ 'እሰይ' ያለ እንግዳ የት ታውቂያለሽ? ለእኔ ተይው፤ ሂሳቡ እዚህ ነው ያለው" ብሎ ግንባሩን መታ መታ አደረገ።

ሱቅ ገብቶ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ አነሳ። የመስታወት በር አነሳ። ከጣሪያ እንደ ዝናብ የሚወርድ ሻወርም ጨመረበት። ብሩ እዚያው አለቀ። ወለሉን ሳያስፈርስ አዲሱን ሴራሚክ በአሮጌው ሲሚንቶ ላይ አስነጠፈው፤ መታጠቢያውም ከሳሎኑ ከፍ አለ። ቀጭኗ ቱቦ እንደ ነበረች ቀረች። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነውና፣ በአንድ ጆግ ውሃ ሞከራት። "አየሽ ዘሐራ? ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው!"

እሜት ዘይነባ በዋዜማው ደረሱ። የመስታወቱን በር ተደግፈው ቆሙና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ይኼ ሁሉ ለእኔ? የሙሽራ ቤት አስመሰልከው እኮ ይመርዬ!"

ይመር ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ። ዝናቡን ሊያሳያቸው ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ቧንቧው ትንሽ ሳል ሳል አለና ዝም አለ። "ፈረቃችን ነገ ነው እሜቴ፤ ነገ ያዩታል" ብሎ ወደ ምሳው መራቸው። ደረቅ ቧንቧ መዝጋት ማንን ትዝ ይለዋል?

በማግስቱ ቤተሰቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ለኢዱ ሶላት ወጣ። ውሃውም ተራው ደርሶ መጣ፣ ማንም ሳይኖር። ቀጭኗ ቱቦ የቻለችውን ዋጠች፤ ያልቻለችውን ውሃ ከፍ ያለው ወለል ወደ ሳሎን ሸኘው።

ሲመለሱ፣ በሩን ሲከፍቱት የይመር ነጠላ ጫማ ተንሳፎ ሊቀበላቸው ወጣ። ምንጣፉ ርሷል፤ ፍራሹ ጠጥቶ አብጧል። ይመር ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ቧንቧውን ዘጋ። አሁንም ልቡ ሙሉ ነበር። "ምንም አይደል፣ ትንሽ ታገሱት፤ ይወርዳል።"

"በየት በኩል ይውረድ?" አለች ዘሐራ ጫማዋን በእጇ ይዛ። "መንገድ ሰጥተኸዋል?"

አልወረደም። ፍራሹ አጥር ላይ ተሰጣ፤ የአረፋ እንግዳ ሁሉ ግቢ ውስጥ በድንጋይና በጉቶ ላይ ተቀመጠ። አንዱ ጎረቤት "ይመር፣ ዘንድሮ ዓሣ ነው እንዴ የምታርደው?" ብሎ ግቢውን በሳቅ ሞላው። ይመር ግን ሳቁ አልተሰማውም። አማቱ መቼ ሻንጣቸውን እንደሚጠይቁ ነበር የሚጠብቀው። መጨረሻ ላይ አላስችል ብሎት ጠጋ አለ። "እሜቴ… መኪና ልፈልግልዎት?"

"የምን መኪና? ለእኔ ብለህ የደከምክበትን ቤት ጥዬ የት እሄዳለሁ? የመስታወቱን በር መልሰህ ሽጠው፤ በብሩ ወለሉን አስፈርስ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አሠራዋለሁ።" እሜት ዘይነባም አጥሩ ላይ የሚንጠባጠበውን ፍራሽ፣ ከቤቱ ተባሮ ግቢ የተኮለኮለውን ሰው አዩና የይመርን ትከሻ መታ መታ አድርገው እንዲህ አሉ፦ "እወቀው ልጄ፣ መውጫ የነፈጉት ውሃ ባለቤቱን ያስወጣል።"