ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጠው

እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ የነገረኝ ሰው ግን አይዋሽም።

አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ደረጃ መውጣት ላቃታቸው እናቷ የቤቷን ጋራዥ መኝታ ቤት ለማድረግ ፈቃድ ለመጠየቅ ወራት ተመላለሰች። የፈቃድ ቢሮው ራሱ የአንድ አሮጌ ቪላ ጋራዥ ነበር፤ ከኃላፊው ጠረጴዛ ሥር የፈሰሰው የሞተር ዘይት እስካሁን አልለቀቀም። ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ማመልከቻዋን ገፋ አደረጉት።

«ሴትዮ፣ ደንብ ደንብ ነው! ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጠው መኪና ብቻ ነው። መስኮት ብታወጪለት አስፈርሰዋለሁ!»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን አየች፤ ከዚያ እሳቸውን አየች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ ሞኟ ስድስት ወር ሙሉ ሰው ያነጋገርኩ መስሎኝ ነበር።»

ተሰልፎ የቆመው ሁሉ ሳቀ። አቶ ልሳነወርቅም፣ ሰው መሆናቸውን ለማስመስከር መሰለኝ፣ ፈረሙላት።