መሬትን በአፍንጫዋ የለካች አህያ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጣ እንዳለ፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ግርጌ የሰፈሩ የዱር አህዮች ነበሩ። መስኩ ለምለም ነው፤ ሣሩ ደረታቸው ይደርሳል። ከመካከላቸው እመት ዳለቻ የምትባል አሮጊት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አፍንጫዋን መሬት ላይ አሳርፋ ዝም ብላ ትቆያለች።

አንድ ማለዳ ቀና አለችና፣ «ልጆቼ፣ ዘንድሮ መሬቱ ያለወትሮው ቶሎ ሞቀ። ሙቀት ያጣደፈው ሣር ቁመት እንጂ ጉልበት የለውም፤ በግማሽ ወር አገዳ ይሆናል። ብርድ ወዳለበት ወደ ላይኛው መስክ እንውጣ» አለች።

ይህን ከቁጥቋጦ ሥር የሰማች ቀበሮ ወደ ጅብ ሮጠች።

«አያ ጅቦ፣ አህዮቹ እዚሁ ከቆዩ አቅም ያንሳቸዋል። በግማሽ ወር ሳትደክም ትበላቸዋለህ፤ ለእኔ ትርፍራፊው ይበቃኛል።»

«ግማሽ ወር! ዛሬ አንዷን ብቻ ብቀምስስ?»

«ዛሬማ በእርግጫ ጥርስህን ያረግፉታል!»

በማግስቱ ማለዳ ቀበሮ አህዮቹ ዘንድ መጣች። «ምነው እናንተ! ይህን የመሰለ ሣር ጥላችሁ ብርድ ላይ ልትቆራመዱ ነው?»

ብዙዎቹ አመነቱ። ቦራ የምትባለው አራስ፣ «እመት ዳለቻ፣ ውርንጭላዬ ዳገት አይችልም» አለች።

«ሆድሽ ሞልቶ ሳለ ወተትሽ ለምን ጎደለ?»

የቦራ ውርንጭላ ሲጠባ አድሮም አይጠግብም ነበር። ቦራ አጎንብሳ አፍንጫዋን መሬት ላይ አሳረፈች። ፀሐይ ገና ሳትወጣ አፈሩ እንደ ትንፋሽ ይሞቃል።

«እንሂድ» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ሁለት ቀን ወጡ። ውርንጭላው ሲደክመው ከኋላ እየገፉ አወጡት። ላይ ሲደርሱ ደመናው ከእግራቸው በታች ተኝቷል። ሣሩ ከሰኮና እምብዛም ከፍ አይልም፤ ግን እንደ ቡቃያ የለሰለሰ ነው። በሦስተኛው ቀን የቦራ ጡት አጋተ።

ግማሽ ወር ሲሞላ አፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። የታችኛው መስክ ቢጫ ሆኗል፤ አያ ጅቦ ባዶ ሆዱን ይዞ በደረቁ አገዳ መሀል ይንከራተታል። በማግስቱ ቢጫው ትንሽ ወደ ላይ ወጣ፤ በሣልስቱም እንዲሁ። ሙቀቱ እግር አውጥቶ ተራራውን የሚወጣ ይመስል ነበር። አህዮቹ ማኘካቸውን ረስተው ቆሙ።

ቦራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህን ሁሉ መሬቱ ነገረሽ?» አለች።

«ለሁላችንም ይናገራል፣ ልጄ። ጎንበስ ብሎ መስማት ነው።»

ከዚህ የምንማረው ለዓይን የሞላ ሁሉ ለጉልበት እንደማይሆን፣ የመሬቱንና የአየሩን ጠባይ በትዕግሥት የሚያስተውልም የሚመጣውን ቀድሞ እንደሚያውቅ ነው።