ወንዝ የተሻገሩት ላሞች

ይህን ታሪክ ያቆዩልን አባቶች የከተማዋን ስም አልነገሩንም። ምናልባት እያንዳንዳችን የየራሳችንን ከተማ እንድናስብ ፈልገው ይሆናል። ብቻ ከአንድ ወንዝ አፋፍ ላይ የተቆረቆረች፣ ከገበያዋ በፊት መስጂዷ የሚታይ የድሮ ከተማ ነበረች ይላሉ። ሸህ ኸሊል የሚባሉ አዛውንት ይኖሩባት ነበር። ሀብታቸው አራት ላምና አንዲት ቁራሽ ማሳ ነው። ቃላቸው ግን ከሀብታቸው ይልቅ የታወቀ ነበር፤ በገበያ የተጣሉ ሰዎች "ሸሁ ካሉ እሺ" ብለው ይታረቁ ነበር።

የከተማዋ ሰው ደግ ሰው ነው። አንድ ልማድ ግን ነበረበት። በየዓመቱ የሹሙ ገማች ለከብት ግብር ሊቆጥር ሲመጣ፣ ከብቱ ቀደም ብሎ ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ዘመዶች ዘንድ ይሰነብታል። ገማቹም ሞኝ አልነበረምና ያየውን በሦስት አባዝቶ ይጽፋል። ሰዉ ስለሚባዛበት ይደብቃል፤ ገማቹ ስለሚደበቅበት ያባዛል። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ አልነበረም። በመስጂዱ ደጃፍ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችም ስለ ግብሩ ክብደትና ስለ ሹሙ ክፋት አውርተው አውርተው፣ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብለው ይነሳሉ።

በአንዱ ዓመት አዲስ ገማች መጣ። ሰዉን ከመስጂዱ ደጃፍ ሰበሰበና፣ "እኔ በየሰው በረት እየገባሁ መቁጠር ሰልችቶኛል" አለ። "እዚህ አገር ቃሉ የማይታጠፍ ሰው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሸህ ኸሊል ነገ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ በከተማው ያለውን ከብት ይንገሩኝ። ያሉኝን እጽፋለሁ፤ አንድ አልጨምርም።"

ይህን ሲናገር ከየግቢው ጥጃ "እምቧ!" ይላል። ጥጆች ወንዙን መሻገር ስለማይችሉ እናቶቻቸው ሲሸሹ ከቤት ቀርተዋል። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

"ምን ሆነው ነው?" አለ ገማቹ።

የከተማው ባለጸጋ ሐጂ ሙስባህ ፈጠን ብለው፣ "ሆድ ቁርጠት ገብቶባቸው ነው" አሉ። ገማቹ ጺሙን ዳሰሰ።

ከአስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት በኋላ ሰጋጁ ጀመዓ ሸህ ኸሊልን ከበባቸው። የሁሉም ፊት በርቷል። ሐጂ ሙስባህ ቀደም አሉ።

"ሸሁ፣ አላህ በእርስዎ በኩል በር ከፈተልን። ዛሬ በከተማው ያለው አርባ ሁለት ከብት ነው። ይህንኑ ይንገሩት። ሌላው ከማዶ ነው፤ ስለ ማዶው ደግሞ አልተጠየቁም። ውሸት የለበትም።"

"ቃሉ ውሸት የለበትም ሐጂ" አሉ ሸህ ኸሊል። "ውሸቱ ኒያው ላይ ነው፤ ሐሳቡ ላይ።"

"ለሰዉ ይዘኑለት እንጂ። በእርስዎ አንድ ቃል ስንት ቤት ይተርፋል።"

ይህች ነገር ሸሁን ከነከነቻቸው። እነዚህ በደስታም በሐዘንም ያልተለዩአቸው ጎረቤቶች ናቸው። እንቢ ቢሉ ፊታቸውን ያዞሩባቸዋል። እሺ ቢሉ ደግሞ ሰባ ዓመት የጠበቁት አማና፣ የቃል አደራቸው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

በዚህ መሐል ጦይባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቅል ይዛ መጣች። ለየቲም ልጇ ጥቂት ወተት እንዲሰጧት ሐጂ ሙስባህን ለመነች። ሐጂ ሙስባህ ስልሳ ከብት አላቸው። አፋቸው ግን ሰሞኑን የለመደውን አወጣ።

"የኔ ልጅ፣ ላም የለኝም" አሏት።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ምላስ የለመደውን ይላል። ጦይባ "አላህ ይስጥዎ" ብላ ባዶ ቅሏን ይዛ ተመለሰች። ሸህ ኸሊል በዐይናቸው ሸኟትና ወደ ሰዉ ዞሩ።

"ነገ በከተማው ያለውን እነግረዋለሁ። 'ሌላስ?' ካለኝ፣ 'የሌላውን ባለቤቱን ጠይቅ' እለዋለሁ። በማንም አልመሰክርም፤ ለማንም አልዋሽም። የኔ ላሞች ግን እበረታቸው ናቸው፤ መጥቶ ይያቸው።"

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ሸሁም ቤታቸው ገቡ። በረቱ ግን ባዶ ነው።

"ሸምሲያ፣ ላሞቹስ?" አሏቸው ባለቤታቸውን።

"ከሰዉ ጋር ሄዱ።"

"ሰዉ ገደል ቢገባ አብረው ሊገቡ ነው?"

"ገደል አልገቡም፤ ወንዝ ነው የተሻገሩት" አሉ እመት ሸምሲያ። "አንቱ ተስቢህዎን ይዘው መስጂድ ሲውሉ ቤቱን ማን ሊጠብቅ ኖሯል?"

ሸሁ ሊቆጡ አሰቡና ሳቃቸው አመለጣቸው። በሰው ላይ ጣት ሲቀስሩ የራሳቸው ላሞች ቀድመው ሸሽተው ተገኙ። "አስተግፊሩላህ" አሉ፤ ደግመውም ሳቁ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። የንጋቱን ሰላት፣ ፈጅርን ሰግደው ምርኩዛቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ፤ አራቱን ላሞች አስከትለውም በገበያው መሐል ተመለሱ። ላሞቹ የጥጆቻቸውን ድምፅ ሲሰሙ ሩጫ ጀመሩ። ሸህ ኸሊልም ጥምጥማቸው እየተፈታ ከኋላ ሮጡ። ገበያተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እመት ሸምሲያ እደጃፉ ላይ አልበው የመጀመሪያውን ቅል ለጦይባ ሰጧት።

ጦይባ ሙሉ ቅሏን ይዛ ስትመለስ ሐጂ ሙስባህን ከደጃቸው ቆመው አገኘቻቸው። የትናንቱን ቃል አምና ነበርና ቅሏን ዘረጋችላቸው።

"ሐጂ፣ እርስዎም ላም ከሌለዎት ትንሽ ይውሰዱ። ለሁለታችንም ይበቃል።"

ሐጂ ሙስባህ ቅሉን ወደ እሷ መለስ አደረጉት። ከዚያ በባዶ እግራቸው ወደ ወንዙ ወረዱ። ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ያወቁት ውሃው ውስጥ ገብተው ነው። ባለጸጋው ሲወርዱ ያየ ሁሉ ተከተለ። ረፋዱ ላይ መሻገሪያው በከብት ተጨናነቀ፤ ማዶ ያሉት ዘመዶችም ሰሞኑን ሲጠጡት የሰነበቱት ወተት እየሄደባቸው ስለሆነ ቅር እያላቸው ሸኙ። እናትና ጥጃ ሲገናኙ ከተማው የሠርግ ቤት መሰለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ከዙህር በኋላ ሸህ ኸሊል ከየባለቤቱ የሰሙትን ደምረው ከገማቹ ፊት ቆሙ። "ሦስት መቶ አሥራ ስድስት" አሉ።

ገማቹ ብዕሩን አነሳና ሐጂ ሙስባህን አያቸው። "ሆድ ቁርጠት የያዛቸው ጥጆች ተሻላቸው?"

"አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኒታቸው መጣ" አሉ ሐጂው አንገታቸውን ደፍተው። ገማቹ ራሱ ሳቀ፤ የተነገረውንም ሳያባዛ ጻፈ።

ግብሩ ከአምናው ጨመረብኝ ያለ አለ፤ ቀነሰልኝ ያለም አለ። ተማም የሚባል ጎልማሳ ግን ሸሁን በድፍረት ጠየቃቸው። "ሹሙ ደስ አለው። በግብራችን ድልድይ አልሠራልንም። ገንዘባችንን አደባባይ አውጥተን እኛ ምን አተረፍን?"

"ስለ ድልድዩ ያልከው እውነት ነው" አሉ ሸሁ። "ነገ አብረን ሄደን እንጠይቀዋለን፤ የደበቀ ሰው ሹሙን ቀና ብሎ ማየት አይችልም። ትርፉን ከጠየቅኸኝ ግን፣ ልጄ፣ 'የለኝም' ያልከው ሀብት በገዛ ምላስህ የለህም።"

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሸሁ ግብር ቀላል ነው አላሉም። ሹም ሁሉ ፍትሐዊ ነውም አላሉም። እኛም ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስለ መንግሥት ስናወራ የምናነሳው እሮሮ ብዙው እውነት ነው። ግን ከሹም ለመደበቅ የሠለጠነ ምላስ ሚስኪን ሲመጣ "ይህችስ ሌላ ናት" ብሎ አይለይም። ከዚያም አልፎ ሪዝቁን፣ ሲሳዩን ለሰጠው ለአላህ ዘካ ሲያወጣ ቁጥሩ ይጠፋበታል። ያን ዓመት ሐጂ ሙስባህ ከብታቸውን በአደባባይ ቆጥረው ዘካቸውን አወጡ፤ ለጦይባ አንዲት ጊደር ደረሰቻት። በዓመቱ ገማቹ ተመልሶ ሲመጣ ማንም ሳይጠራት ከሰልፉ ፊት ቀድማ የቆመችው እሷ ነበረች ይባላል። "እኔንም ጻፈኝ" አለችው፤ "አንዲት ጊደር አለችኝ።"