የይማም ማጣሪያ እና ሃያ ስምንቱ ሠራተኞች

ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ፣ እኛ ሰፈር ሰው ለጥቂት ነገር ብዙ ሰው ሲያንጋጋ የሚባል አንድ አባባል አለ። ቧንቧ ጠጋኙ ለአንዲት ቧንቧ ሦስት ረዳት አስከትሎ ሲመጣ ይባላል። ለአንድ ቃል መልእክት አምስት ሽማግሌ ሲላክም ይባላል። የሰማው ሁሉ ከጥንት አባቶች የወረደ ይመስለዋል። አይደለም። የተባለው ከስድስት ዓመት በፊት፣ መጋቢት ውስጥ፣ እሑድ ቀን፣ በእኛ ቤት የፊት ክፍል ነው። የተባለውም ስለ ኮምፒውተር ነው።

መነሻውን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎችም ሲያወሩት ሞኙን ወንድሜን ይማምን ያደርጉታል። “ይማም አላህ ይዘንለትና፣ ቁጥር አታሎት” ብለው ይጀምራሉ። ይማም ባለፈው ሐምሌ በኩላሊት ሕመም ሞቷል፤ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ እኔ እህቱ ሐዋ እንደነበረው ልጻፈው።

እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ መንገድ ዳር ያለው ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር የሁለታችን ነበሩ። እኔ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ታናሼ ይማም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ከወንበሩ እነሳለታለሁ፤ እሱ ጌሙን ይከፍታል። መቶ ሰው አንድ ደሴት ላይ ወርዶ፣ አንድ ብቻ እስኪቀር የሚታኮስበት ጌም ነው። እጁ ፈጣን ነበር። ብርጭቆ ከጠረጴዛ ሲወድቅ፣ እኛ “ውይ” ሳንል እሱ ይዞት ይገኛል።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድ ቡድን ከየከተማው ተጫዋች ሊመርጥ ማጣሪያ አወጣ። ያለፈ ሰው ከዚያ ወዲያ ሥራው መጫወት ይሆናል። ማጣሪያው በኢንተርኔት ስለሆነ ሁሉም ከቤቱ፣ በራሱ ኮምፒውተር ነው የሚወዳደረው። ዕድሜው ከሃያ አምስት ያለፈ አይቀበሉም። ይማም ሃያ አምስት ሞልቶት ነበር። ያመለጠው እንደሆነ ሌላ ጊዜ አይኖረውም።

ማጣሪያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ኮምፒውተራችንን አቃጠለው።

“አንቺ ሂጂና ግዢ፣ እታለም” አለኝ ይማም። “እኔ ፈረቃ አለብኝ። ብቻ ፈጣን ይሁን።”

“ለእኔም ሥራ የሚሆን ይሁና!”

“ለሁለታችንም የሚሆን አይጠፋም።”

ፒያሳ ወዳለ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ኑረዲን ይባላል፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ፊቴ ሁለት ካርቶን አስቀመጠ።

“ይቺ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያለባት ናት” አለኝ። “ስድስት ኮር አላት። ኮር ማለት እንደ አንድ ሠራተኛ ቁጠሪው። ስድስት ናቸው፣ ግን ሁሉም ሯጮች ናቸው። ይሄኛው ደግሞ የሰርቨር ፕሮሰሰር ያለበት ነው። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ የሚጠቀምበት የትልልቅ መሥሪያ ቤት ማሽን ውስጥ ሲሠራ የነበረ ነው። አሥራ አራት ኮር አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሥራ ስለሚይዝ ሃያ ስምንት ሆኖ ይታይሻል።”

“ሃያ ስምንት!”

“ሃያ ስምንት። ግን አንድ በአንድ ካየሻቸው ዝግ ያሉ ናቸው።” እስክሪብቶ አውጥቶ በአንዱ ካርቶን ላይ አራት ነጥብ አራት፣ በሌላው ላይ ሁለት ነጥብ አራት ብሎ ጻፈ። “ፍጥነታቸው ይሄ ነው። ምን ልትሠሪበት ነው?”

“ቪዲዮ።”

“ለቪዲዮ ሰርቨሩን ነው የምልሽ። ሥራው ተቆራርጦ ለሁሉም ይታደላል፣ ሁሉም ባንዴ ይረባረቡበታል።”

“ወንድሜም ጌም ይጫወትበታል።”

ኑረዲን እጁን ከሰርቨሩ ካርቶን ላይ አነሳ። “እንደሱ ከሆነ ይቺን ውሰጂ፣ እህቴ። ጌም ብዙ ሠራተኛ አይፈልግም፤ ጥቂት ፈጣን ነው የሚፈልገው። ቪዲዮሽም በእሷ ይወጣል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።”

በግልጽ ነግሮኛል። አልገባኝም ማለት አልችልም። ግን ከጥር የተጠራቀመ ሰባት ሰርግ ቤት ቁጭ ብሎ ነበር። በየቀኑ የሚደውሉት ደግሞ ሙሽሮቹ አይደሉም፤ እናቶቻቸው ናቸው። በድሮው ኮምፒውተር አንድ ሰርግ ሠርቶ ለማውጣት ከጠዋት እስከ ማታ እጠብቅ ነበር። ሃያ ስምንት የሚለው ቁጥር ልቤ ውስጥ ገባ።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?” አልኩት።

“ሰምቻለሁ” አለ። “እሱ ግን የሚታሰር አንበሳ ሲኖር ነው።”

ለይማም ደወልኩ። “ሃያ ስምንት ሠራተኛ ያለው አግኝቻለሁ!”

“ፍጥነቱስ?”

ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው ዓይኔ ሥር ነው። “ያው ነው” አልኩ።

“ያው ማለት?”

“ሁለቱም ያው ናቸው አልኩህ። አትጨቃጨቅ።”

ኑረዲን ቀና ብሎ አየኝና የሰርቨሩን ካርቶን ማሸግ ጀመረ።

ቤት ስደርስ ጋሽ ሙሄ ከባጃጁ ላይ ዕቃውን አወረዱልኝ። ጋሽ ሙሄ ከጎናችን ባለችው ክፍል ልብስ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ወረኢሉ በእርሻ ላይ ነው።

“ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው?” አሉኝ።

“ሃያ ስምንት ሠራተኛ ነው፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የመረጥኩት።”

“ሃያ ስምንት ሠራተኛ ይዘሽ ባንድ ባጃጅ መጣሽ?” ብለው ሳቁብኝ።

የመጀመሪያውን ሰርግ ከዙሁር ሰላት በኋላ ጀመርኩት። የከሰዓቱ የዐስር ሰላት አዛን ሳይሰማ አለቀ። ማሽኑ ሥራውን የሚያሳይበትን ገጽ ከፍቼ ስመለከት ለየሠራተኛው የተሰጡት ሃያ ስምንቱም ሣጥኖች ጢም ብለው ሞልተዋል፤ አንድም ሥራ የፈታ የለም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለሙሽራዋ እናት እኔው ራሴ ደወልኩ።

ይማም ከፈረቃ መጥቶ ጌሙን ከፈተ። ብቻውን ሜዳ ላይ ሲሮጥ ደህና ነበር። ሰው የበዛበት መንደር ሲገባ ግን ሥዕሉ ይቆማል፣ ይዘላል፣ መልሶ ይቆማል። እሱም ያንኑ ገጽ ከፈተ። ብዙ ካየ በኋላ ጠራኝ።

“ነይ እስቲ እይው፣ እታለም። አንዱ ሊሞት ደርሷል፤ ሌሎቹ አረፍ ብለዋል።” እውነቱን ነው። አንዷ ሣጥን እስከ አፏ ሞልታለች፤ የቀሩት ባዶ ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። “አንዱ ይቆፍራል፣ ሃያ ሰባቱ ይመክራሉ!” ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። “ሻጩ ምንም አላለሽም?”

“ምን ይለኛል?”

“እንለውጠው ይሆን? ገና ጊዜ አለ።”

“ስድስት ሰርግ ይዤ? ማጣሪያህ ይለፍና እንለውጠዋለን።” ማጣሪያው ካለፈ መለወጡ ለእሱ ምን እንደሚያደርግለት አላሰብኩም፤ ወይም ማሰብ አልፈለግሁም።

“እሺ” አለ። በቀሩት ቀናት የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አደረገ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋ፣ ሰው ከሚበዛበት ቦታ እየሸሸ መጫወት ተለማመደ። እኔም በዚያው ሰሞን ሌሎች አራት ሰርጎች ጨርሼ አስረከብኩ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ክፍሏ በሰው ሞላች። የይማም የፋብሪካ ጓደኛ ሸምሱ መጣ፣ የሰፈር ጎረምሶች መጡ፣ ጋሽ ሙሄም በርጩማቸውን ይዘው ገቡ። ይማም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው ቆምኩ።

“ጥይት ቢያልቅብህ ጮክ በል፣ የጋሽ ሙሄን መቀስ እንወረውርልሃለን” አለ ሸምሱ።

“ዝም በል፣ ይስማበት” አሉ ጋሽ ሙሄ።

እንዳሰበው ዳር ዳሩን ሄደ። መቶው ሃምሳ ሆነ፣ ሃምሳው አሥራ አምስት ሆነ። ለማለፍ ከመጨረሻዎቹ ሦስት አንዱ መሆን ነበረበት። አሥር ሲቀሩ የሸምሱ ቀልድ ቆመ። ጌሙ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው፤ መጨረሻ ላይ ሜዳው ይጠብና የተረፉትን ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበስባቸዋል፤ መሸሻ የለም። አምስት ሲቀሩ ከሁሉም አቅጣጫ ተኩስ ተከፈተ፣ ጭስ ተነሣ፣ ቤት ፈረሰ። አንዱ ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ሲል ይማም አይቶታል። እጁ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ በሰዓቱ ነው የተንቀሳቀሰው። ሥዕሉ ግን ቆመ። ሲመለስ ይማም መሬት ላይ ወድቆ ነበር። አምስተኛ ወጣ።

 ይማም እጁን ከማውሱ ላይ አላነሳም።

“ኢንተርኔቱ ነው!” አለ ሸምሱ በመጨረሻ።

“አይደለም” አለ ይማም። “ኮምፒውተሩ ነው።”

“ያንን ሁሉ ሠራተኛ ገዝታችሁ? ማነው እሱን የመረጠው?”

አፌን ከፈትኩ። ግን ቃል ሳይወጣኝ ይማም ቀደመኝ። “እኔ ነኝ” አለ። “ሃያ ስምንት ሲባል ቁጥሩ አታለለኝ።”

እኔም አፌን ዘጋሁ። ያን ቀን ብቻ አይደለም። ነገሩ ሰፈሩን ሲዞር፣ ሰው ባየው ቁጥር “ሃያ ስምንቱ ደህና ናቸው?” እያለ ሲያላግጥበት፣ እሱም “ደህና ናቸው፣ ይመክራሉ” እያለ ሲያልፍ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ዘግቼው ኖርኩ። እንዳላወቀብኝ ነበር የማስበው።

ይማምን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ኑረዲን ለቅሶ ቤት መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ፣ “ወንድምሽ ከማጣሪያው በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ሱቅ መጥቶ ነበር” አለኝ። “ለእህትህ ነግሬያታለሁ አልኩት። ዛሬውኑ አምጣውና በዴስክቶፗ እለውጥልሃለሁ አልኩት።”

“ምን አለህ?”

“‘የሰው ሰርግ ይዛለች፣ ትጨርስ’ አለኝ። ‘እኔ እንደምንም እሆናለሁ’ አለ። እንደመጣ እንዳልነግርሽም አደራ ብሎኝ ሄደ።”

ደጋግሜ ሳስበው የኖርኩት የዚያ እሑድ ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይማም “እኔ ነኝ” ሲል ሁሉን አውቆ ነው። እኔ እንደመረጥኩት ያወቀው ደግሞ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ፣ እሱ ብቻ አልነበረም።

ያን እሑድ ይማም “እኔ ነኝ” ካለ በኋላ ቀጥለው የተናገሩት ጋሽ ሙሄ ናቸው። “እስቲ ለእኔም አስረዱኝ” አሉ። “ሃያ ስምንት ሠራተኛ ተብሎ የለም? ወረኢሉ አርባ ሆነን በደቦ ስንወጣ የአንድ ሰው ማሳ ፀሐይ ሳትበረታ እንጨርስ ነበር። ሃያ ስምንት ሆነው አንድ ሰው መምታት እንዴት ያቅታቸዋል?”

ይማም ወንበሩን አዞረላቸው። የተሸነፈው እሱ ሆኖ ሳለ እንደ አስተማሪ በትዕግሥት አስረዳቸው። “ሥራው ሲከፋፈል ሁሉም ይገቡበታል፣ ጋሼ። የእህቴ ሥራ እንደ አጨዳ ነው፤ እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ይሄን ማሽን የሚያህል የለም። ጌም ግን ዋናው ሥራ ባንዱ እጅ ነው የሚያልፈው። ያ አንዱ ቀርፋፋ ከሆነ ሌሎቹ ቢቆሙለትም አያግዙትም።”

“ማሽኑ ክፉ አይደለም ማለት ነው።”

“አይደለም፣ ጋሼ።”

“የተጠራበት ሥራ ነው እንጂ።”

“አዎ።”

ጋሽ ሙሄ ከበርጩማቸው ተነሡ። ዕቃውን ከባጃጅ ያወረዱ ቀን ማን እንደመረጠው ከአፌ ሰምተዋል፤ አሁን ግን በሰው ፊት አላነሱትም። እኔ ከይማም ወንበር ኋላ ስለነበርኩ እዚያ የነበረው ሁሉ ለእሱ የተናገሩ መሰለው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከራሱ በላይ አሳልፈው እኔ ላይ አሳረፉና፣ ቀስ ብለው፣ “ልጄ፣ ለመርፌ ቀዳዳ ደቦ አይጠራም” አሉ።