ሰማይ የነካው ጣሳና ከጋን ሥር የነበረችው ጠጠር

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ዛሬ ላም የለችም። «የጋን መሠረት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲህ ስሙ።

ድሮ፣ እንስሳት ገበያ በሚውሉበት ዘመን፣ በአንድ ዳገት መንገድ ዳር ሦስት ጠላ ቤቶች ነበሩ። ከታች የአያ ጅቦ፣ መሐል የእትዬ ከርከሮ፣ ከላይ መጨረሻው ላይ የእትዬ ጃርት። ሦስቱም ደጃቸው ላይ እንጨት ተክለው፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ደፍተዋል። «ጠላ አለ» ማለት ነው። መንገደኛው ግን የቱ ጣሳ የማን እንደሆነ በምን ይወቅ? ጣሳ ጣሳ ነው። ዳገቱ ሲያደክመው መጀመሪያ ያገኘው ቤት ዘው ይላል።

አያ ጅቦና እትዬ ከርከሮ የሚቀዱት ቅራሪ ነው፤ ጠላን በሩቁ ሰላም ብሎት ያለፈ ውሃ። የእትዬ ጃርት ግን ጌሾው ልክ፣ ብቅሉ ልክ። ምን ዋጋ አለው! ጋኑ እስከ አፉ እንደሞላ ተቀምጧል፤ ወለሉ ዘመም ያለ ስለሆነ ከሥሩ አንዲት ጠጠር ደግፋዋለች።

«ልጄ» ይላታል ጋኑ እትዬ ጃርትን ጠዋት ጠዋት፣ «ከቅዳሜ ገበያ ካለፍኩ እኮመጥጣለሁ።»

እሷም ታውቃለች። ከኮመጠጠ የገብስ መግዣ የለም፤ ገብስ ከሌለ ቤቱ ይዘጋል።

ረቡዕ ዕለት እመት ጦጢት ከተፍ አለች። ሥራዋ ምክር ነው። ጠላ ጠምቃ አታውቅም፤ ስለ ጠላ ስታወራ ግን ጠላው ራሱ ይሰክራል።

«እትዬ ጃርት፣ በሽታሽ ታወቀኝ» አለች፣ ለቅምሻ ብላ አንድ ጣሳ ጭልጥ አድርጋ። «አትታዪም! ጠላ በጉሮሮ የሚጠጣ መሰለሽ? በዓይን ነው የሚጠጣው። እንጨትሽን አስረዝሚ።»

እትዬ ጃርት እንጨቷን አስረዘመች። ሳይመሽ አያ ጅቦም አስረዘመ፣ እትዬ ከርከሮም አስረዘመች። ሦስቱ ጣሳዎች እንደገና እኩል ሆኑ።

ሐሙስ ጦጢት መጣች። ሁለተኛውን ጣሳ ጨለጠች። «ጣሳውን ቀይ ቀቢው!»

ቀባችው። አያ ጅቦም ቀባ፣ እትዬ ከርከሮም ቀባች። መንገዱ በርበሬ የተሰጣበት መሰለ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጦጢት መጣች። ሦስተኛውን ጣሳ ጨለጠች። «አሁን ማንም አይደርስብሽም። ሦስት አጣና ቀጣጥለሽ ሰማይ አስነኪው!»

እትዬ ጃርት ቀጣጠለች። ጣሳው ከላይ ጮኸ፦ «እትዬ! እዚህ የሚያየኝ አሞራ ብቻ ነው! አሞራ ደግሞ ጠላ አይጠጣም!»

«ዝም በል፣ አንተ ቆርቆሮ!» አለች ጦጢት። እንጨቱ ግን ተወዛወዘ። «ሽብልቅ ይፈልጋል። ያቺ ከጋኑ ሥር ያለችው ጠጠር ምን ትሠራለች?»

«ልጄ፣ እሷን እንኳ ተዪልኝ» አለ ጋኑ።

«አይ የጋን ነገር፣ ሆድ ብቻ!» አለች ጦጢት። «ጠጠሯን ማን አይቷት ያውቃል?»

እውነትም ማንም አይቷት አያውቅም። እትዬ ጃርት ጠጠሯን መዘዘችና እንጨቱ ሥር ወተፈቻት። እንጨቱ ቀጥ አለ። አንጋጣ «አቤት ማማሩ!» ስትል ከኋላዋ «ወገቤን!» የሚል ድምፅ ሰማች። ጋኑ ተጋደመ። አፉ ተሸረፈ እንጂ አልተሰበረም፤ ጠላው ግን ደጁን አልፎ ዳገቱን ቁልቁል ወረደ።

የእትዬ ጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። ከዚያ ሁሉም ተኛ። ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች፤ ለቅሶ እንኳ አልመጣላትም።

ታች፣ ገበያተኛው እግሩ ራሰ። በሬ አሸተተ። አህያ ላሰች። «እህ! ይሄ ጠላ የማን ነው?» እየተባባሉ ጅረቱን ተከትለው ወጡ፤ አያ ጅቦን አለፉ፣ እትዬ ከርከሮን አለፉ፣ እትዬ ጃርት ደጅ ደረሱ።

«እዚህ ነበርሽ እንዴ ይሄን ሁሉ ጊዜ?» አለ በሬ።

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳታቀምሺን?»

እትዬ ጃርት ሰማይ ላይ የተሰቀለውን ጣሳ አየችና አፈረች። «አለቀ እኮ» አለች።

«እንጠብቃለን። ገብሱን እኔ አመጣለሁ» አለ በሬ። ፍየል ደግሞ ጌሾ አመጣለሁ ብላ ሄደች፤ ግማሹን መንገድ ላይ በላችው፣ ግማሹ ግን ደረሰ።

ጦጢትስ? «ምክሬ ሠራ!» እያለች አያ ጅቦ ዘንድ ሮጠች። «አዲሱ ዘዴ ማፍሰስ ነው! ጋንህን ገልብጥ!» አያ ጅቦ ገለበጠ። እሱን አይታ እትዬ ከርከሮም ገለበጠች። ቅራሪው መንገዱን አጨቀየው፤ ገበያተኛው ጭቃውን እየዘለለ ወደ ላይኛው ቤት ወጣ።

እትዬ ጃርት ጠጠሯን ከጋኑ ሥር መለሰች፤ እንጨቷንም አሳጠረች። ጣሳው በረጅሙ ተነፈሰ። «እፎይ! ከታች የጥንስሱ ሽታ ደረሰኝ።»

ለዚህ ነው አባቶች «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ያሉት። እኔ ደግሞ ልጨምርበት፦ ጣሳ ሰማይ ቢነካ፣ የሚጠጣው ከታች ነው።

ተረቴ ፈሰሰ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ የሰማችሁ ቅዱልኝ፣ ቅራሪ ግን አልፈልግም።