እስክትመረቅ ድረስ

አንዲት ነርስ ነበረች። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ እጇ የቀለለ፣ ሕፃናት እንኳ የማይፈሯት ነርስ። ለዛሬ ስንዱ እንበላት።

ስንዱ አንድ ምኞት ነበራት፤ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ መማር። "አንዱ ድኖ ሲወጣ ሌላው በዚያው በሽታ ይገባል፤ ከምንጩ ካልያዝነው ምን ዋጋ አለው?" ትል ነበር። አመለከተች፤ ኮታ ሞልቷል ተባለች። በዓመቱ ደግማ አመለከተች፤ የመግቢያ ፈተናውን ለጥቂት ወደቀች። እንግዲህ ሰው ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ፤ "ባል ብታገባ ይሻላት ነበር" ይላል።

አባቷ ግን እንዲህ አላሉም። ጋሽ ይመኑ ይባላሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው፣ "ልጄ፣ እኔ ስንቱን ልብስ ተርትሬ እንደገና ሰፍቻለሁ። ስፌት ተበላሸ ተብሎ ጨርቅ አይጣልም" አሏት። እንደገና አመለከተች፤ አለፈች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ነገሩን ሁሉ ያመጣውን ቃል የተናገረችው ያኔ ነው። አውቶቡሱ ላይ እየወጣች፣ እየሳቀች፣ "እስክጨርስ ድረስ አደራ፣ ክፉ ወሬ እንዳታሰሙኝ!" አለች። ግማሹ ቀልድ ነበር። ለአባቷ ግን ቀልድ አልነበረም፤ አደራ ብለው ያዙት።

ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ተማረች፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠራበት ጊዜ ደረሰ። ምን መረጠች መሰላችሁ? ሳል የያዘው ሰው ለምን ዘግይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል የሚለውን። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አለው፤ በነፃ ይሰጣል። ታዲያ ሰው ለምን ይሞትበታል? በየገጠሩ እየዞረች፣ ደጃፍ ላይ እየተቀመጠች ጠየቀች። "አባቴ፣ ለምን ዘገዩ?" አንዱ "መንገዱ ሩቅ ነው" አላት። ሌላው "አዝመራ ደረሰብኝ" አላት። አንዲቷ ደግሞ "ጎረቤት እንዳይሸሸኝ ብዬ" አለቻት። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማች።

በዚያው ሰሞን በስልክ ሲያወሩ አባቷን ሳል ያዛቸው።

"አባባ፣ ይሄ ሳል ምንድን ነው?"

"የጨርቅ ብናኝ ነው ልጄ። በዓል ደርሶ ስፌቱ በዝቶብኛል።"

"ጤና ጣቢያ ይሂዱ እንጂ!"

"እሺ፣ እሺ። ይልቅ ያንቺ ጽሑፍ የት ደረሰ?"

ስለ ጽሑፏ ጠየቋት፤ ስለ ጽሑፏ ነገረቻቸው። ወገኖቼ፣ የማታውቀውን ሰው ሳል ለመስማት ዳገት የወጣች ልጅ የገዛ አባቷን ሳል በአንድ "እሺ" አለፈችው። አትፍረዱባት። እኛስ ስንቱን "እሺ" አምነናል?

እቤት ጋሽ ይመኑ እየከሱ ሄዱ። ኮታቸው ሰፋቸው፤ ልብስ ሰፊው የራሳቸውን ኮት ማጥበብ ጀመሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ትርንጎ እንሂድና ይመርመሩ ብለው ቢለምኑ፣ ቢያለቅሱ አልሆነም። ጭራሽ ጋሽ ይመኑ ቤተሰቡን ሰብስበው ገዘቱ። "ለስንዱ የነገረ ቤተሰቤ አይደለም። መጀመሪያ ትመረቅ፤ ከዚያ እታከማለሁ" አሉ። ነጭ ሽንኩርት በማር ሞከሩ። ጸበል ገቡ። ከጸበል ግን በእግራቸው አልተመለሱም።

ስንዱ ደወለች። "አባባ የት ሄደው ነው?"

"ጸበል ናቸው፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም" አሏት እናቷ።

ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር። ግዝት ነዋ! ደግሞስ በአገራችን ፈተና ላይ ላለ ልጅ መርዶ ማን ይነግራል?

የምርቃቷ ዕለት ወይዘሮ ትርንጎ መጡ። ጥቁር ልብሳቸውን አውልቀው፣ በሐዘን የተቆረጠ ጠጉራቸውን በሻሽ ሸፍነው መጡ። የልጃቸው ስም ሲጠራ ብድግ ብለው እልል አሉ። ባሏን ቀብራ እልል ያለች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስንዱ ግን ያን እልልታ ሰምታ ተደሰተች። "አባትሽ ገና ከጸበል አልወጡም" ተብላለች፤ እንዴት አድርጋ ትጠርጥር?

አገሯ ገባች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የንስሐ አባታቸው፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የአገሬ ሰው ያውቃል። ማንም አፉን ሳይከፍት ስንዱ ጮኸች።

አልቅሳ፣ አልቅሳ፣ ድምጿ ሲዘጋ ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ ጤና ጣቢያው እኮ እዚሁ ነው። መድኃኒቱ እኮ በነፃ ነው። ለምን ዘገዩ?"

"የኔ ልጅ፣ እዚያ ያሉት ሁሉ ያንቺ ጓደኞች አይደሉም? 'ካዩኝ ይደውሉላታል፤ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች' አሉ አባትሽ። በጤና ጣቢያው በር ማለፍ እንኳ ትተው ነበር።"

ስንዱ በየደጃፉ የሰማችውን አንድ በአንድ አስታወሰች። በየደጃፉ ስትጠይቅ "ለልጄ ብዬ ዘገየሁ" ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ወይስ ነበሩ? ምናልባት አፍረው "መንገዱ ሩቅ ነው" ብለዋት ይሆን? አባቷም ቢሆኑ ለእንግዳ ጠያቂ እውነቱን አይነግሩም ነበር። ያን ሁሉ ሰው ጠይቃ የሰበሰበችው መልስ በእጇ ላይ ሟሸሸባት።

ለቅሶው እንዳበቃ እናቷን እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፤ ተመረመሩ። ዛሬ እዚያው ትሠራለች። የሚያስል ሰው ፊቷ ሲቀመጥ ከሁሉ አስቀድማ፣ "ልጅ አለዎት? ልጅዎ ያውቃል?" ትላለች። አያውቅም ካሏት የራሷን ስልክ ትሰጣቸዋለች። አንዳንዱ ስልኩን ይዞ ያለቅሳል። እሷም አብራ ታለቅሳለች።

ወገኖቼ፣ ይህን ስነግራችሁ መማርን ላጥላላ አይደለም። ተማሩ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማን አድገን፣ መደበቅን ራሱን ፍቅር ብለን ጠራነው። የማይናገር ፍቅር ሰው እንደሚገድል እዩት!

እናንተ ወላጆች፣ "እንዳይጨነቅ" ብላችሁ የዋጣችሁት ሕመም የለም? አሁን እንኳ እኔን እየሰማችሁ ደረታችሁን የምትነኩ አላችሁ። ልጃችሁ ጋውን ለብሶ የሚቆመው እናንተ እንድታዩት አይደለም እንዴ? መቃብር ላይ ለሚቆም ልጅ ጋውን ምን ይሠራለታል?

እናንተ ልጆችስ? ፈተናው ይለፍ፣ ሥራው ይያዝ፣ ቤቱ ይለቅ እያላችሁ ያቆያችሁት ማንን ነው? "ደህና ነን" ሲሏችሁ ለምን ቶሎ ታምናላችሁ? ማመን ስለሚቀላችሁ ነው። ደግማችሁ ጠይቁ። ቢቆጧችሁም ጠይቁ። ሄዳችሁ ፊታቸውን እዩ።

ሕመማችንን የምንነግርበት አንደበት፣ የወዳጃችንን ሕመም የምንሰማበት ጆሮ እግዚአብሔር ይስጠን። አሁን ከዚህ ስትወጡ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ወሬ ሳትጀምሩ፣ አባት ያላችሁ ወደ አባታችሁ ደውሉ። የእናንተ አባት ስልኩን ያነሳሉ።